የንግድ ቤትና የትምህርት ቤት ጉርብትና በሜክሲኮ አደባባይ

ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ በተግባረ ዕድ በኩል ወደ ለገሃር የሚያመራ መንገደኛ ሜክሲኮ አደባባይ ሲደርስ፣ ከላይ የባቡሩ ድልድይ፣ ከታች የታክሲው ሰልፍና የረዳቶቹ ጥሪ ልቡን ስለሚወስደው፣ የቆመበት ስፍራ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ንግድና ዘመናዊው የኢትዮጵያ ትምህርት ከሰማንያ ዓመት በላይ አጥር ለአጥር ተጎራብተው የኖሩበት መሆኑን አያስተውልም። ስፍራው ስሙን ያገኘው ከንግድም ከትምህርትም ሳይሆን ከወዳጅነት ነው። ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ወርራ በያዘች ጊዜ ብዙዎቹ መንግሥታት፣ ከፊሎቹ በግልጽ ከፊሎቹም በዝምታ፣ ግፉን እንደ ሕግ ሲቀበሉት፣ የሜክሲኮ መንግሥት ግን በጄኔቭ በሚሰበሰበው የመንግሥታት ማኅበር ፊት በመልእክተኛው በኢሲድሮ ፋቤላ አንደበት ለወረራው ዕውቅና እንደማይሰጥ አስታውቆ በቃሉ ጸና። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ ወር 1946 ዓ.ም. ያችን አገር በጐበኙበት ዘመን ይህ ውለታ በሁለቱም ዋና ከተሞች በአደባባይ ስም ታወሰ፤ በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ፣ በሜክሲኮ ከተማም የኢትዮጵያ አደባባይ ተሰየመ፤ በዚያ ያለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም እስከ ዛሬ የኢትዮጵያን ስም ይዞ ይኖራል።

ስለ ስሙ ይህን ያህል ካልሁ ዘንድ ወደ ተነሣሁበት ነገር ልመለስ። ከአደባባዩ ዳር የንግድ ምክር ቤቱ ሕንፃ ቆሟል። ከእርሱ ወደ ሰንጋ ተራ ሲወጡ ሕዝቡ ሁሉ በአጭሩ «ኮሜርስ» የሚለው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ይገኛል፤ በዋቢ ሸበሌ ሆቴል አካባቢ ደግሞ በግል ተቋምነቱ ከታወቁት አንዱ የሆነው ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከዚያም ወዲያ ባንኮቹ እየተሻሙ ፎቅ ያቆሙበት፣ ስሙ የከብት ገበያ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሰው ሰንጋ ተራ ይቀጥላል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሠፈር የተሰበሰቡት በአንድ ሰው ሐሳብ፣ በአንድ መንግሥትም ዕቅድ አይደለም። ነገር ግን የታሪካቸውን ሐረግ ወደ ኋላ ተከትሎ የሚሄድ ሰው የአንዱ መወለድ ለሌላው መወለድ ምክንያት እንደ ነበረ፣ ከመካከላቸውም እስከ ዛሬ ያልተወለደ አንድ ነገር እንዳለ ይረዳል።

በቀደመው ሥርዓታችን ትምህርትና ንግድ በአንድ ጣራ ሥር አያድሩም ነበር። ትምህርት የቤተ ክርስቲያን ነበረች። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ቤት ገብቶ ጾመ ድጓና ድጓ የተማረ፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጽሐፍ ቤት የተሻገረ ደቀ መዝሙር፣ ከወላጆቹ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመናትን ቁራሽ እየተመገበ፣ ዐሥርም ሃያም ዓመት ይማር ነበር እንጂ ለመምህሩ በብር ቆጥሮ የሚያስረክበው የትምህርት ዋጋ አልነበረም። መምህሩም በበኩሉ ነገሥታቱና መሳፍንቱ ለደብሩ ከተከሉት ርስተ ጉልት በሚደርሰው ድርጎ ይኖራል። ዕውቀትን በገንዘብ መለወጥ የሲሞን መሠርይን ኃጢአት የሚያስታውስ ነውር ነበረ። ይህ ሥርዓት ድህነት ቢበዛበትም አንድ ታላቅ ነገር አስተምሮን አልፏል፤ ባለ ሀብት የሆነ ሁሉ ለጉባኤ ቤት ሢሳይ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት፣ የሰጠውም ሰው ለነፍሱ ተዝካር እንዳቆመ የሚቆጠር መሆኑን።

ንግድ ግን ከዚህ ቅዱስ ዙሪያ ውጭ ይኖር ነበር። ከአሞሌው፣ ከቡናው፣ ከዝባዱና ከቆዳው ጭነት ጋር በረሓ ለበረሓ የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ የአገሩን አራት ማዕዘን ያወቀ፣ ቋንቋ የለመደ፣ ልባም ሰው ሳለ፣ ባላባቱ ማረስንና መዝመትን እንጂ መነገድን ከክብር አይቆጥረውም ነበር፤ የከተማውም ንግድ እየሰፋ ሲሄድ የሕንድ፣ የዐረብ፣ የአርመንና የግሪክ ሰዎች ያዙት። የነጋዴዎቹ አለቃና የቀረጡ ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ይህን ማዕረግ ከተሸከሙት መካከል ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ በጀርመንና በኦስትሪያ የተማሩት እኒያ ታላቅ አሳቢ፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃውን ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ሀብቱን ለሌላው እንደሚያስረክብ፣ ከዚህም የሚያወጣው ዕውቀት ብቻ እንደሆነ አጥብቀው ጽፈው ነበር። በእኔ ፍርድ ንግድና ትምህርት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ በመጀመሪያ የታረቁት በእኒህ ነጋድራስ ዘንድ ነው፤ በቦታ የታረቁት ግን ሌላ ሃያ ዓመት ቆይተው ነው።

እስከዚያ ድረስ አገሪቱ ባንክ እያላት ባንክ የሚያውቅ ሰው አልነበራትም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተቆራኘ ስለነበረ፣ መዝገቡ በባዕድ ቋንቋ ይጻፍ፣ በባዕድ እጅ ይያዝ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤትም ዋና ዓላማው ቋንቋ አዋቂዎችን ማፍራት ነበረ፤ አስተርጓሚ ወጣበት፣ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ወጣበት፤ የሒሳብ ሹም ለማውጣት ግን አልተሰናዳም። ጥቂት ቆይቶ የአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን መጣና በውጭም በውስጥም ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹን በላ።

ነጻነት በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1935 ዓ.ም.፣ ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ተደረጉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በሚያዝያ ወር በሩን ከፈተ፤ በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ተግባረ ዕድም በዚያው ዘመን ተመሥርቶ በዚሁ ሠፈር ጎረቤቱ ሆነ። ባንክ ያለ ሒሳብ አዋቂ፣ ሚኒስቴርም ያለ ጸሐፊ ሊቆሙ አይችሉምና ኮሜርስ የተወለደው ከችግር ነው፤ በዚህም ምክንያት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተማሪው ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት ይሰጥ የነበረው ትምህርት ለሊቃውንቱ ዐይን ትንሽ መስሎ ታይቶ ይሆናል፤ እኔ ግን ከተናቁት ነገሮች ብዙ ያስተማረን እርሱ ይመስለኛል። የጽሕፈት መኪናውን ክፍል እንመልከት። ከሁለት መቶ የሚበልጡት ፊደሎቻችን ለላቲን ፊደል በተሠራ መኪና ላይ ባሉት ጥቂት ቁልፎች ሊሰፍሩ ስለማይችሉ፣ እነ ኢንጂኒየር አያና ብሩ ፊደሉን ከመኪናው ጋር ለማስማማት የደከሙበት ነገር ይህ ነበርና፣ የአማርኛ ጽሕፈት የሚማር ሰው በመጀመሪያ የፊደሉን አካል፣ ቀጥሎም ቅጥሉን፣ ማለት እግሩን ወይም ቀለበቱን፣ ለየብቻ መምታት ነበረበት፤ አንዱን ፊደል ለመጻፍ ሁለት ጊዜ መምታት ማለት ነው። ይህንንም ዐይን ቁልፉን ሳያይ፣ ጣት ብቻ በልማድ እየሄደ፣ ከመምህሩ አፍ እኩል ማድረስ ያስፈልግ ነበር። በዚህ መንገድ የሠለጠኑት ጸሐፊዎች፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ በየሚኒስቴሩና በየኩባንያው ገብተው የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ፣ የነጋዴን ቃል ለደንበኛው ያደረሱ ናቸው፤ ብዙ ኢትዮጵያዊት ሴት በገዛ ደመወዟ ቤት ለመምራት የበቃችው በእነዚያ ቁልፎች ነው።

የሒሳብ መዝገብ አያያዙም እንዲሁ። በዚያ ትምህርት ማንኛውም ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንድ ጊዜ በዴቢት፣ አንድ ጊዜ በክሬዲት። ወሩ ሲያልቅ ሁለቱ ዐምዶች ሲደመሩ እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዲት ሳንቲም ብትጎድል ተማሪው ወሩን በሙሉ ገጽ በገጽ ወደ ኋላ ሄዶ ይፈልጋታል እንጂ ከኪሱ አውጥቶ አይተካትም። ዜማ ቤት ውስጥ አንዲት ምልክት የዘለለ ደቀ መዝሙር ከመጀመሪያው ጀምር እንደሚባለው ማለት ነው፤ ሥርዓቱ ያው ሥርዓት ነው፣ የሚነበበው መጽሐፍ ብቻ ተለየ። የሁለት ዐምድ መዝገብ ለአንድ ሕዝብ የሚያስተምረው ነገር ቢኖር አደራ የሚመረመር መሆኑን ነው፤ ንብረት በቃልና በመሐላ ብቻ ይጠበቅ በነበረበት አገር ይህ ትንሽ ለውጥ አልነበረም።

ከኮሜርስ በኋላ ሠፈሩ በፍጥነት ሞላ። የንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመንግሥት ባንኩ በ1956 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲሆን፣ የሁለቱም ጠረጴዛዎች ከዚያው ትምህርት ቤት በወጡ ልጆች ተሞሉ። በሌላው ወገን ከፍተኛው ትምህርት በአባ ሉሲያን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተጀምሮ፣ በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን በሰጡ ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይህ ስጦታ የቀደመው የርስተ ጉልት መንፈስ የመጨረሻው ታላቅ ምልክት ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ግለሰቦች ያቆሙት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ግን በዚያ ዘመን እምብዛም አልነበረም፤ በአሥመራ ካቶሊካውያን መነኮሳይያት በ1951 ዓ.ም. የጀመሩት ኮሌጅ፣ ኋላ የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ነጋዴው ገና ሀብት በማከማቸት ላይ ነበረና ለትምህርት የሚተርፈው አልደረሰም።

የሚደርስበትም ጊዜ ሳይመጣ በሩ ተዘጋ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ በሐምሌው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት፣ በዚያም ወራት የግል ትምህርት ቤቶች ወደ መንግሥትና ወደ ሕዝብ ይዞታ ተዛወሩ። ይህን ያደረጉትን አዋጆች ደግነትና ክፋት መመዘን የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ ለእኛ ነገር የሚበቃው አንድ ውጤቱ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የንግድ ሀብት ሳይኖር በንግድ ሀብት የሚተከል ትምህርት ቤት ሊኖር አይችልምና፣ ሁለቱ ጎረቤቶች ለዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል የመንግሥት ቤተሰብ ሆነው ኖሩ። ኮሜርስ በዚያ ዘመን ወደ ኮሌጅነት ከፍ አለ፣ ብዙም ሰው አስተማረ፤ ያስተማረው ግን ለመንግሥት ነበር።

ያ ዘመን ካለፈ በኋላ የመጣው 1986 ዓ.ም. ከ1935 ዓ.ም. ጋር የሚመሳሰልበት ነገር የታሪክ ተመልካችን የሚያስደንቅ ነው። በጥር ወር ኢትዮጵያውያን ባለ አክሲዮኖች ባንክ ማቋቋም እንዲችሉ አዋጅ ቁጥር 84 ታወጀ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የግል ባለ ሀብት ከሕፃናት መዋያ እስከ ከፍተኛ ትምህርት ድረስ እንዲገባ ፈቀደ። እንደ ገና ባንክና ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ተፀነሱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ወላጁ መንግሥት አልነበረም። አዋሽ ባንክ 486 ባለ አክሲዮኖች ባዋጡት 24 ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብር ተመሥርቶ በየካቲት 1987 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገን፣ ሕብረትና ንብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከታተሉት። እያንዳንዱ አዲስ ቅርንጫፍ ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ኦዲተርና ሥራ አስኪያጅ ይጠይቃል፤ ኮሜርስ ብቻውን ሊያደርስ አልቻለም፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በዚያ ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ በፈተና ካለፈው ወጣት አብዛኛው ቦታ አጥቶ በየቤቱ ተቀምጦ ነበር።

የግል ኮሌጆች የበቀሉት ከዚህ ክፍተት ነው። ከእነርሱም ቀዳሚው ዩኒቲ፣ በዶክተር ፍሥሐ እሸቱ መሥራችነት በቋንቋ ትምህርት ቤትነት ተጀምሮ በ1991 ዓ.ም. አካባቢ ኮሌጅ፣ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶም በአገሪቱ የመጀመሪያው የግል ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አድማስም በዚያው ሰሞን በንግድ ሥራ ማሠልጠኛነት ተነሣ። በሜክሲኮ ደግሞ በተባባሪ ፕሮፌሰር ወንድወሰን ታምራት መሥራችነት የቅድስት ማርያም ኮሌጅ በዚያው በ1991 ዓ.ም. አካባቢ ተቋቁሞ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት፣ ኋላም ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ይማር የነበረው የአገሬ ልጅ፣ በእመቤታችን ልደት በተሰየመው ክፍለ ከተማ፣ በስሟ በተጠራ ተቋም ውስጥ፣ በክሬዲት ሰዓት ተሰልቶ የሚከፈል ዋጋ እያዋጣ ለመማር በቃ። በዚህ ነገር ውስጥ ኪሳራም ትርፍም አለ፤ ሁለቱንም በየዐምዳቸው መጻፍ ይገባል።

ትርፉን ላስቀድም። ከሥራ የወጣ የባንክ ሠራተኛ ከሰንጋ ተራ ተነሥቶ ዋቢ ሸበሌ አጠገብ ወደሚገኘው የማታ ክፍሉ በእግሩ ይደርሳል። ቀን በመስኮት ውስጥ ሆኖ የሚቀበለውን የቁጠባ ገንዘብ ነገር፣ የብድር ወለድና የዋስትና ጣጣ፣ ማታ በመጽሐፍ ይማረዋል፤ መምህሩም ብዙ ጊዜ ቀን በአንዱ መሥሪያ ቤት ሲሠራ የዋለ ሰው ስለሆነ ክርክሩ ከመጽሐፉ እየወጣ ወደ ዛሬው የገበያ ዋጋ ይሄዳል። የቤተሰብ ኃላፊ ሆኖ በዲፕሎማ ቀርቶ የነበረ ሰው ዲግሪ የያዘው፣ ልጇን ለጎረቤት ትታ የምትማር እናት ማስተርሷን የጨረሰችው በዚህ በር ነው። የርቀት ትምህርቱም ሞጁሉን እየላከ ወደ ወረዳ ከተሞች ዘልቆ፣ ዩኒቨርሲቲ በሌለበት ስፍራ ያለውን መምህርና የቀበሌ ሠራተኛ አዳርሷል። ከሕንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው ስምምነትም ኢትዮጵያዊው አገሩን ሳይለቅ የውጭ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ተከታተለ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። በክፍያ የሚተዳደር ተቋም፣ ገንዘብ የማያስገባ ነገር ሁሉ ሸክም የሚሆንበት፣ ምርምርን ሊተው ሲችል አልተወም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቅድስት ማርያም ስለ ግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚመክር ዓመታዊ አገራዊ ጉባኤ ሲጠራ ቆይቷል፤ ተፎካካሪዎቹን ሳይቀር በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ የጋራ ድካማቸውን በጥናት ማቅረብ ቀላል ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ «ሚዛን» የተባለውን የሕግ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ልደታ የፌዴራል ፍርድ ቤት ያለበት ሠፈር ነውና መጽሔቱ ለዳኛውም ለጠበቃውም በእግር የሚደርስ ጎረቤት ሆነ። መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ የርቀት ትምህርትን አግዶ፣ ሕግና መምህርነትንም ለመንግሥት ተቋማት ብቻ ለይቶ ባወጀ ጊዜ በግል ኮሌጆች ላይ የወረደው ድንጋጤ ታላቅ ነበር፤ የርቀቱ እገዳ ኋላ ላላ፣ የሕጉ በር ግን በግል ኮሌጆች ላይ ተዘጋ። «ሚዛን» ግን አልቆመም። የትምህርት ገቢው የተቋረጠበትን የዕውቀት ዘርፍ መጽሔቱን ይዞ መቀጠል ሒሳብ ሹሙ የማይመክረው፣ ሊቅ ግን የሚያደርገው ነገር ነው፤ አንድ ተቋም ዩኒቨርሲቲ ለመባል የሚበቃው፣ በእኔ ሚዛን፣ በዚህ ነው።

አሁን ወደ ኪሳራው ዐምድ ልሻገር። የግል ተቋም የሚኖረው ተማሪው በሚከፍለው ብር ብቻ ሲሆን፣ የሚያስተምረውም ተማሪው ሊከፍልበት የሚፈቅደውን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በመላ አገሪቱ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግና ኮምፒዩተር ሞልቶ፣ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ግዕዝና ንጹሕ ሳይንስ በግሉ ዘርፍ ቤት አጡ። ሥራ ፈላጊው ዲግሪውን እንደ ይለፍ ወረቀት ሲቆጥረው፣ ወረቀቱን ብቻ የሚያድል ተቋምም ከመልካሙ ጎን ይበቅላል። ከአዋጅ ቁጥር 351/1995 እስከ አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የወጡት የከፍተኛ ትምህርት ሕጎች፣ የጥራት ኤጀንሲውም መቋቋም፣ ይህን አረም ለመንቀል የታሰቡ ነበሩ። የመውጫ ፈተና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመንግሥትም ለግልም ተቋማት ዕጩ ተመራቂዎች በአንድነት ሲሰጥ ግን የግሎቹ ውጤት ከመንግሥቶቹ እጅግ ዝቅ ብሎ ታየ። መልካሞቹ ከክፉዎቹ ጋር በአንድ ቁጥር መታየታቸው ቢያሳዝንም፣ ቁጥሩ የተናገረው እውነት ሊሸሸግ አይገባውም።

ስለ ምን እንዲህ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከሩቅ አገር የመጣ፣ ነገር ግን ከራሳችን ታሪክ ጋር በደም የተሳሰረ አንድ ምሳሌ ላቅርብለት። በሚላኖ ከተማ ፌርዲናንዶ ቦኮኒ የሚባል የታላቅ መደብር ባለቤት ነበር። ልጁ ሉዊጂ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በተደረገው ጦርነት ጠፍቶ ቀረ። አባትየው ኀዘኑን በሐውልት ብቻ ሊወጣው አልወደደም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. ከንግድ ሀብቱ ከፍሎ በልጁ ስም የንግድና የምጣኔ ሀብት ዩኒቨርሲቲ አቆመ። ከሚላኖ የንግድ ምክር ቤት የመጣው ሊዮፖልዶ ሳባቲኒ መሪው ሆነ፤ ተቋሙም በኢጣልያ በኢኮኖሚክስ ዲግሪ የሰጠ የመጀመሪያው ሆኖ፣ ዛሬ በአውሮፓ ከታወቁት የንግድ ትምህርት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። አባቶቻችን ለነጻነታቸው ባደረጉት ተጋድሎ ውስጥ ከጠላት ወገን የወደቀ የአንድ ወጣት ስም የትምህርት ቤት ስም ሆኖ ሲኖር ማየት ልብን የሚነካ ነገር ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን የሚፈለገው የሥራው ሥርዓት ነው። በሚላኖ ነጋዴው ለትምህርት ቤቱ ሰጠ። በአዲስ አበባ መምህሩ ራሱ ነጋዴ መሆን ግድ ሆነበት።

ልዩነቱ ይህ ነው፤ መምህሮቻችንም በዚህ የሚነቀፉ አይደሉም። የግል ኮሌጆቻችንን ያቆሙት በአብዛኛው የማስተማር ፍቅር ያላቸው ምሁራን ነበሩ፤ የተከራዩትን ፎቅ ኪራይ፣ የመምህራኑን ደመወዝና የቤተ መጻሕፍቱን ወጪ የሚሸፍንላቸው ከተማሪው ኪስ በቀር ማንም አልነበረም። ዩኒቲ ኋላ ወደ ሚድሮክ ኩባንያ እጅ መግባቱ ባለ ሀብትና ዩኒቨርሲቲ በአንድ ስም የተገናኙበት ጉልህ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ተቋምን በባለቤትነት መያዝ ሌላ፣ ለተቋም ሀብት ተክሎ፣ እንደ ደብር ጉልት በወለዱ እንዲኖር አድርጎ መተው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ሕጋችንም ገበያችንም ለምደውታል። ሁለተኛውን አባቶቻችን ያውቁት ነበር፤ እኛ ረሳነው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ሠፈር ሜክሲኮና ሰንጋ ተራ ስለሆነ፣ ቃሌን ለዚያው ሠፈር ሰዎች አቀርባለሁ። እናንተ ከኮሜርስ ወንበር ተነሥታችሁ ወደ ባንክ ወንበር የደረሳችሁ፣ በማታ ትምህርት ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ዛሬ ዲሬክተርና የቦርድ አባል የሆናችሁ፣ እናንተም በንግድ ምክር ቤቱ መዝገብ ስማችሁ የሰፈረ ነጋዴዎች፦ ከየዓመቱ ትርፋችሁ ጥቂቱን ለይታችሁ፣ መክፈል ለማይችል ጎበዝ ተማሪ የሚሆን ቋሚ ገንዘብ በአንዱ ተቋም ትከሉ። የፈለጋችሁት በኮሜርስ ይሁን በቅድስት ማርያም፤ ስሙንም በወላጃችሁ ወይም በልጃችሁ ስም አድርጉት። ደግሞም የአሮጌ የንግድ መዛግብት፣ ከመርካቶ ሱቅ እስከ ኩባንያ ቤት ድረስ በየጓዳው በምስጥ የሚበላው የሒሳብ ደብተር፣ የምክር ቤቱ የጥንት ቃለ ጉባኤ፣ የኮሜርስ የመጀመሪያ ተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ በአንድ ቤተ መዝገብ እንዲሰበሰብ ገንዘብም ቦታም ስጡ፤ የኢትዮጵያ የንግድ ታሪክ እስካሁን በሚገባ ያልተጻፈው ጸሐፊ ጠፍቶ ሳይሆን ሰነዱ በአንድ ቦታ ስላልተገኘ ነው። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከባንኮቻችሁ ፎቅ እስከ ትምህርት ቤቶቹ ደጅ ያለው መንገድ በእግር የዐሥር ደቂቃ ያህል ነው።